ለካርቡራተር የተላከ ሽማግሌ

መኪና አለህ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ አለኝ። እንዴት አገኘሃት ለሚለኝም አይረዝምም፤ ከአጎቴ ወረስኳት። እንዴት አስነሳሃት ለሚለኝ ግን ወንበር ስቤ ነው የማስቀምጠው። እናንተም ጊዜ ካላችሁ ተቀመጡ።

አጎቴ በጎልማሳነቱ ከአሥመራ ነድቶ ያመጣት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ጣሊያን አገር የተሠራች የስፖርት መኪና ናት። ቀይ ነበረች ይላሉ። እኔ ስወርሳት የሽሮ መልክ ይዛ ነበር። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ከዚህ በታች የምታነቡት ጥፋት ሁሉ የእኔ ስለሆነ የማንንም ስም ማንሳት አያስፈልግም። ሠላሳ ዓመት ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ኖራለች። በሾፌሩ ወንበር ላይ የእናቴ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ነበር፤ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ደግሞ ይታቀፉበታል።

ጎንደር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጣሪያው የሄደ ነገር እናከብራለን። ቆሞ የፈረሰ ነገር ካለ በአጠገቡ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ልጠግነው ብሎ የተነሳ ሰው ግን ዘመድ ካለው ጠበል ይወስዱታል። መኪናዋም በቆመችበት ዘመን ሁሉ ሰፈሩ በአክብሮት ነበር የሚያልፋት። እንግዳ ሲመጣ ያሳዩአት ነበር፣ አንድ ሁለት ፈረንጅም ፎቶ አንስቷታል። ችግር የመጣው እኔ መፍቻ ይዤ የተጠጋኋት ዕለት ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው፤ አላገባሁም፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የምሠራው ፋይል ቤት ነው፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ሥራዬ ባለ ጉዳይ ሲመጣ ፋይሉን ፈልጎ መስጠት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ “ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ” ማለት ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወይ ፋይሉ በራሱ ጊዜ ይገኛል፣ ወይ ባለ ጉዳዩ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። በሁለቱም በኩል ሥራው ተሠርቷል። ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ቅሬታ የቀረበብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ፋይሉ ጠፍቷል።

ያን ሰሞን እናቴ ስለ ሚስት ታነሳብኝ የነበረው ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ ነበር። የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት እህት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ባለ ሱቅ። እኔ ደግሞ መኪናዬን ሠርቼ ሳልጨርስ አላገባም አልኳት፤ እንደማይጨረስ ስለማውቅ ነው ያልኩት። እናቴ ግን ዋዛ አይደለችም። ጎረቤታችንን አያ ደሴን ጠርታ ምስክር አድርጋ አስማለችኝ። ይህች መኪና እስከ ፋሲካ ከተነሳች እሷ ስለ ሚስት ሁለተኛ ላታነሳብኝ፣ ካልተነሳች ግን እኔ መኪናዋን ለቆራሌው ሰጥቼ ለዳግም ትንሣኤ እሷ የመረጠችልኝን ላገባ። አያ ደሴ በጡረታ ላይ ያሉ፣ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ በእጃቸው የሚያልፍ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም አስጨብጠው ሄዱ። እንግዲህ እኔ ከትዳር ላመልጥ የምችለው በመኪና ብቻ ሆነ፤ መኪናዋ ደግሞ ዶሮ ታቅፋለች።

መካኒክ ያዝኩ። አስናቀ ይባላል፣ በሰፈራችን የሚኒባስ መካኒክ ነው። እኛ አገር መካኒክ ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፤ አስናቀ አርባ ያህል የጣሊያንኛ ቃል አለው፣ ሁሉም ብረት ነው። እኔም ከሱ ተማርኩና በስልኬ አንድ ነጭ ሪዝ ያላቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ እንዲህ ያለችውን መኪና ሲፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ መከታተል ጀመርኩ። ሽማግሌው የዕቃውን ስም ሲጠሩ ይገባኛል። በዕቃው ምን እንደሚደረግ ሲናገሩ ግን አንዲት ቃል አይገባኝም። ስለዚህ አራት ወር ሙሉ ምን መያዝ እንዳለብኝ በደንብ እያወቅኩ፣ በያዝኩት ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ ሠራሁ።

ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ይሞላል። እድሜ ዘመኑን ከበቅሎ በቀር ምንም ያልነዳ ሰው ሳይቀር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመክረኛል። አንዱ ዘይት ነው ይላል፣ አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዷ ሴትዮ ደግሞ ዓይን ነው ብላ ሄደች። የደብራችን መርጌታ ጥበቡ ጠበል ይዘው መጥተው ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ረጩት። አስናቀ ዝገቱ ያለ ውሃም ይበቃን ነበር ብሎ አጉረመረመ። ፈትተን ስንገጥም ብሎን ተረፈን፤ አንድ ሁለት ሳይሆን አንድ ጣሳ ሙሉ። ምነው ብዬ ስጠይቀው አስናቀ ጣሊያን ሲሠራ ብሎን ያበዛል አለኝ፤ አመንኩት። ዶሮዎቹም ከቤታቸው ከተባረሩ ጀምሮ እንቁላል አቆሙ። እናቴ ይህን በየቀኑ ለመጣው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር።

ይሁን እንጂ መኪናዋ ቀስ በቀስ መኪና መምሰል ጀመረች። የቀረችው ካርቡራተሯ ብቻ ነበረች። ካርቡራተር ማለት ቤንዚኑን ከአየር ጋር እየመጠነች ሞተሩን የምታጠጣዋ ዕቃ ናት፤ ያለሷ መኪና የለም። ጭቅቅት ዘግቷት ስለነበር አንድ መካሪ ቀቅላት አለኝ። በእናቴ የወጥ ድስት፣ በሳሙና፣ ሁለት ሰዓት ቀቀልኳት። ያን ጊዜ እንኳ ደኅና ነበረች። እኔ ግን ለማየት ቸኩዬ ከነትኩሳቷ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፤ ጧ ብላ ለሁለት ተሰነጠቀች። ድስቱም ከዚያ ወዲህ ወጥ አልተሠራበትም።

ጎንደርን አሰስኩ፣ አዘዞ ወረድኩ፣ ባሕር ዳር ስልክ ደወልኩ። የለም። ጥምቀት ሲቃረብ አንድ የደባርቅ አውቶቡስ ሾፌር እንዲህ ያለች መኪና አምባ ጊዮርጊስ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ማየቱን ነገረኝ። ግቢው የአያ ጫኔ ነው። አያ ጫኔ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ገበሬ የሆኑ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። መኪናዋ ድንች ማስቀመጫ ሆናለች፤ ካርቡራተሯን ግን እንዳትዘረፍ ፈትተው ቤት ውስጥ በሣጥን ቆልፈውባታል አለኝ።

ወዲያው ገብቶ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ሦስት የገበያ ቀን እየሄድኩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ መነጽሬን እያስተካከልኩ፣ አንገቴን አስግጌ መኪናዋን አየሁ። ቸርኬዋን ቆጠርኩ፣ ፋናዋን ቆጠርኩ። አንዲት ሴት ድንች ለማውጣት እየመጣች ከፊቷ ትቆምና ትከልልብኝ ነበር። እስክትሄድልኝ እጠብቃለሁ፣ ከሄደች በኋላም እቆያለሁ። አላፊ አግዳሚው እየዞረ እንደሚያየኝ አስተውያለሁ፤ በከተማ ሰውነቴ መሰለኝ።

በሦስተኛው ገበያ ቀን ደፍሬ ገባሁ። አያ ጫኔ ከደጅ ብቅ ሲሉ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ብር ከኪሴ አወጣሁና ለካርቡራተሯ ስንት ልክፈል አልኳቸው። ብሩን አዩ፣ እኔን አዩ። “እኔን ቆራሌ አደረግኸኝ ልጄ? ግባም ሳትባል፣ ከደጄ ቆመህ ብር ታሳየኛለህ?” አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አውቶቡስ መሣፈሪያው ድረስ ጆሮዬ እየጋለ ወረድኩ።

አያ ደሴ ነገሩን ሲሰሙ ጥፋቱ ገባቸው። እንዲህ ያለ ሰው በብር ሳይሆን በሽማግሌ ነው የሚለመነው፤ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ከዚያ ጉዳዩ ይነሳል አሉ። እሳቸው ሊሄዱልኝ ተነሱ፣ መርጌታ ጥበቡንም ያዙ። ሽማግሌ ሁለት አይሆንምና ቁጥሩን ለመሙላት አንድ የእናቴ ዘመድ ተጨመረ፤ ያ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረም። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በጠዋት አውቶቡስ ወጡ። እኔ ፋሲካን በጣቴ እየቆጠርኩ ቤት ቀረሁ።

ሽማግሌ አንድ ሥርዓት አለው፤ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባልለት አይቀመጥም። ጉዳዩንም በደጅ አያፈነዳውም። የተላከበት ሰው ደግሞ የገመተውን ነገር ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ሽማግሌን ማዋረድ ነው። አያ ደሴ እንደነገሩኝ፣ አያ ጫኔ ሦስት ጋቢ ከደጃቸው ቆሞ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ግቡ አሉ፤ አንገባም ተባሉ። ተቀመጡ አሉ፤ አንቀመጥም ተባሉ። ማን ላካችሁ ቢሉ፣ ባለፈው ከደጅዎ ቆሞ ያስቀየመዎ የጎንደሩ ልጅ ተባሉ። አያ ጫኔም ገብቶኛል፣ ነገር ግን ከዘመድ ሳልመክር አልመልስም፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ አሉ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው፣ ነገሩ ሸጋ ነው ተባብለው ተመለሱ።

ለአንዲት ካርቡራተር ዘመድ ይመከራል ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው መሥሪያ ቤት ሠርቶ አያውቅም። እኛ አንድ እስክሪብቶ ከግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ እናስፈርማለን። አሥራ አምስት ቀን የሚለውን ስሰማ እንዲያውም ሰውየው የሥራ ሰው ናቸው ብዬ አከበርኳቸው።

አሥራ አምስት ቀኑ ሞላና ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ካርቡራተሯ የምትቀመጥበትን ቦታ በጨርቅ አጽድቼ፣ መፍቻ በእጄ ይዤ ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ። ሊመሻሽ ሲል መጡ። ሦስቱም ጠጥተዋል፣ ሦስቱም ተክዘዋል።

“ተሰጠን” አሉ አያ ደሴ።

የት አለች ብዬ ጋቢያቸውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። በመርጌታም ጋቢ ሥር ፈለግሁ። ሦስተኛው ሰውዬ እጁን ከፍ አድርጎ ባዶ መሆኑን አሳየኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሲደርሱ ግቢው በዘመድ ተሞልቷል። በግ ታርዷል፣ ጠላው በገንቦ ቆሟል። አያ ጫኔ ከጉባኤው መሐል ብድግ አሉና እንዲህ አሉ፦ “መከርን። ሰውየው ሥራ አለው። ዕድሜው ገፋ ብሏል፣ ዓይኑም ደከም ያለ ነው። ቢሆንም ሦስት ገበያ ቀን ሙሉ ከአጥር ሥር ቆሞ ያያት ሰው፣ ካርቡራተሯ ሰበብ ናት እንጂ፣ ወዷታል ማለት ነው፤ ይህን አገር አይቶታል። ልጄን ትርንጎን ሰጥቻችኋለሁ።”

ድንች የምታወጣው፣ ስትከልለኝ የነበረችው ሴት ናት።

ምነው ታዲያ አልተናገራችሁም ብዬ ጮህኩ። አያ ደሴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው እንደነበር፣ ጥብሱ ግን በዚያችው ደቂቃ እንደቀረበ ነገሩኝ። መርጌታ ደግሞ ዝምታው ሲከብዳቸው ጊዜ ተነስተው መረቁ፤ እሳቸው ሲመርቁ ደግሞ አይቆጥቡም፣ በግዕዝም በአማርኛም እስከ ሰባት ልጅ መርቀዋል። ነገ ተመልሳችሁ አስረዱልኝ ብል አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው በግ በልተን፣ መርቀን፣ አገር እልል ብሎ፣ ለብረት ነበር የመጣነው አንልም፣ የምትለው ካለህ ራስህ ሂድ አሉኝ። እናቴ ይህን ሁሉ ከበር ቆማ ሰምታለች። ከሰማችው ውስጥ ግን የመረጠችው “ተሰጠን” የሚለውን ብቻ ነው፤ እልልታዋን ከቀሐ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ሰምተዋል።

እኔ በጣም የተካንኩበትን ሥራ ሠራሁ፤ ነገሩን አቆየሁት። ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሠርግ ስለሌለ ጊዜ አለኝ እያልኩ ራሴን ሳባብል ስምንት ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ባለ ጉዳይ ገባ። ቀና ሳልል ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ አልኩ።

“አሥራ አምስቱንማ አባቴ አስጠብቋችኋል። እኔም ደግሞ ልጠብቅ?” አለች አንዲት ሴት።

ቀና አልኩ። ሠላሳውን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ትከሻዋ ላይ ረጅም ጥቁር ቺንጋ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ትርንጎ መሆኗን ያኔ አወቅኩ። ወፍጮ ቤት እንዳላት፣ የወፍጮው ቺንጋ፣ ቀበቶው ማለት ነው፣ ተበጥሶ አዲስ ልትገዛ ጎንደር እንደወረደች፣ እግረ መንገዷን ደግሞ የምታገባውን ሰው ለማየት እንደመጣች ነገረችኝ። መጀመሪያ ደባርቅ ስትዳር ሰውየውን ያየችው በሠርጉ ቀን ነበር። ሁለት ዓመት ኖራ ተመለሰች። አሁን አስቀድሜ አያለሁ ብላ ለአባቷ ነግራ ነው የመጣችው። እኔ የማሳያት ነገር ስላልነበረኝ መኪናዬን ላሳያት ቤት ወሰድኳት። እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ነበር።

ትርንጎ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻትና ኮፈኑን ራሷ ከፈተች። የወፍጮዋን ሞተር የምትፈታውም የምትገጥመውም እሷው ናት፣ ሌላ መካኒክ የላትም። አጎንብሳ አየች፣ አየችና በጣቷ ባዶውን ቦታ ነካች። “ይህችኛዋስ የት ሄደች?” አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ድስቱን፣ አጥሩን፣ ብሩን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጥብሱን፤ አንድም ሳላስቀር፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። ስጨርስ ቺንጋውን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

“አንድ ጊዜ ተድሬ ተመልሻለሁ” አለች። “ያን ጊዜ የአገር አፍ ስድስት ወር ነው የበላኝ። አሁን ደግሞ ሽማግሌ የመጣባት ለብረት ነበር ከተባለ፣ እኔስ ወፍጮ ቤቴ እገባለሁ። አባቴ ግን ከገበያ ይቀራል።”

እንግዲያው አገባሻለሁ አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የጀግና ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ስናገረው ግን ዓይኔ ባዶው የካርቡራተር ቦታ ላይ ነበር። እሷም ዓይኔን ተከትላ አየች።

“ለካርቡራተር ብለህ? ተወው” አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለኝ ነበር። “እኔ እምቢ ብያለሁ። አባቴ ሰጠ፣ እኔ አይቼው መጣሁ፣ አልወደድኩትም። እንዲህ ከሆነ የሚታማው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ትችለዋለህ?”

እችለዋለሁ አልኩ። እውነትም የምችለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ካቻቪቴ አምጣ አለችኝ። ሞተሩን እሳት የሚያስጭሩትን የካንዴላዎቹን ገመድ በተርታ ሳይሆን እንደመጣልኝ ገጥሜው ኖሯል፤ እንኳን በአንድ፣ በአሥር ካርቡራተርም አትነሳም ነበር። እኔና አስናቀ አራት ወር የተጨቃጨቅንበትን በሃያ ደቂቃ አስተካከለችው፣ ከጣሳው ብሎንም ሩቡን ወደየቦታው መለሰችው። እጇን በጨርቅ ጠራርጋ፣ ቺንጋዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄደች። በሩ ድረስ ልሸኛት ስል ዶሮ አደናቀፈኝ።

በሳምንቱ አምባ ጊዮርጊስም ጎንደርም ሰማ፤ ትርንጎ እምቢ አለች። አያ ጫኔ ቃላቸው ታጠፈባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ይቅርታ አይልም። ያኔ ብር አውጥቼ የለመንኳትን ነገር አስታወሱና፣ የራሳቸውን ሦስት ሽማግሌዎች ላኩብን። ሰዎቹ ከደጃችን ቆመው አንቀመጥም አሉ፤ ልጃችን ለቃላችን አልሆነችምና ይህችን በካሣ ተቀብላችሁ ማሩን አሉ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ካርቡራተር ነበረች። የተበደለ ሰው መልክ ይዤ ማርኳችሁ አልኩ። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም፤ ካርቡራተሯን ግን ተቀብያለሁ።

የቅዳሜ ሹር ዕለት መኪናዋ ተነሳች። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ቀጥላ ከሠላሳ ዓመት በፊት የበላችውን ጭስ ሁሉ በሰፈሩ ላይ ለቀቀችው፣ ከዚያ እንደ ድመት አንኮራፋች። አስናቀ ዘለለ። መርጌታ ጠበሌ ነው አሉ። እናቴ ግን አልተናገረችም። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ስለሆነች ስለ ሚስት አላነሳችብኝም፤ ጠዋትም ማታም አላነሳችብኝም። ስትነዘንዘኝ ቤቱ እንዲህ አይከብድም ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እስከ ኮሶዬ ነዳኋት። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ብርዱ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ፣ እየዘፈንኩ ወጣሁ። ከምግብ ቤቶቹ ፊት ሳቆማት ሰው ከበበኝ። እኔ ሞተሩን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ኮፈኑን ልከፍት ስል አንዱ ሽማግሌ በሐዘን ትከሻዬን ነካ አድርገው “ምነው ልጄ፣ ለምን እምቢ አለችህ?” አሉኝ። የሁሉም ጥያቄ ይኸው ነበር። ከኮሶዬ ወዲያ አልሄድኩም። ከኮሶዬ ወዲያ አምባ ጊዮርጊስ ነው።

ቢሮም እንደዚያው ነው። ፋይላቸውን ያላገኘሁላቸው ባለ ጉዳዮች ሁሉ ጉዳያቸውን ረስተው ያጽናኑኝ ጀመር። አንዲት ሦስት ዓመት ያመላለስኳት ሴትዮ እጄን ይዛ አይዞህ፣ አሥራ አምስት ቀን ያህል ጠብቅ፣ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል አለችኝ። ስላቅ መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየሁ፤ ከልቧ ነበር። ፋይሏን በዚያው ቀን ፈልጌ ሰጠኋት።

እውነቱን ልናገር፤ ናፈቀችኝ። ሐሜቱን እችለዋለሁ ያልኩት አልወደደችኝም የሚለው ውሸት ነው ብዬ ነበር። እያደር ግን ውሸት ላይሆን ይችላል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ያ የተስተካከለ ድምፅ የእሷ እጅ ሥራ መሆኑ ትዝ ይለኛል። አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ደግሞ ዶሮዎቹ እንኳ ንቀውታል።

አያ ደሴ ዘንድ ሄድኩና አሁን የምለምነው ካርቡራተር አይደለም፣ ትርንጎን ነው አልኳቸው። በደንብ እንዲገባቸው ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። መርጌታንም ያን ዝምተኛ ሰውዬንም ይዘው፣ ያንኑ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወጡ። እናቴ ከኋላቸው ቆማ እስኪርቁ አየቻቸው።

ሊመሻሽ ሲል ተመለሱ። ዝምተኛው ሰውዬ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ተሸክሟል። “ተሰጠን” አሉ አያ ደሴ፣ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ማዳበሪያው ሲራገፍ ሁለት ፋና፣ አንድ የጎን መስታወት፣ አንድ የማርሽ ዘንግ፣ አራት የቸርኬ ክዳን ወጣ።

አያ ጫኔ ከሩቅ አይተዋቸው ኖሯል። ከደጅ ሳይደርሱ ማዳበሪያውን አስይዘው ወጡና፣ ካሣው ማነሱን ባትነግሩኝም አውቄዋለሁ፣ ይኸው የቀረውን፣ ከዚህ ሌላ የለኝም፣ በቃችሁ በሉኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ምሳ ቀረበ። ትርንጎስ አልኳቸው። ወፍጮ ቤት ነበረች፣ ሳቋ እስከ ግቢው ይሰማ ነበር አሉኝ። በምን እንደሳቀች ግን የጠየቀ የለም።

“አያ ጫኔ ከዘመድ ልምከር አላሉም?” አልኳቸው።

“ምንም አላሉም” አሉኝ አያ ደሴ።

መስታወቱን ታቅፌ ከመኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። የሚያስፈልጋት ሁሉ ተሟልቶላታል፤ እንዲህ የተሟላች መኪና ከዚህ እስከ አሥመራ አትገኝም። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ብቅ ብሎ፣ ከዘመድ ልምከርበት፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ እንዲለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገረው ኖሬ፣ እንዲህ ሸጋ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።